መርዶ በማን አፍ

በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ የካቲት፣ በደባርቅ ከተማ ገበያ፣ የመካኒኩ የዋሴ ሚስት ለተኪዳን ነጭ ሽንኩርት ገዛች።

ግዢው እንዲህ እንደተነገረው በአንድ ትንፋሽ አልተፈጸመም። ሻጩ የኔሰው ነበር። የኔሰው ከሽንኩርቱ ይልቅ ስድቡ የሚረክስለት ነጋዴ ነው። ለተኪዳን ከፊቱ ቁጢጥ ብላ አንዱን እስር አነሳች፤ አገላበጠች፤ አሸተተች፤ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ ወደ ልጇ ወደ ኤልሳቤጥ ዞራ በትግርኛ አንድ ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?" አለ የኔሰው።

ለተኪዳን ያለችው፣ "ይኼን ሽንኩርት ከመቃብር ነው እንዴ የቆፈረው?" ነበር።

"ሽንኩርቱ ደስ ብሏታል፤ ትንሽ ቀንስልን ትላለች" አለች ኤልሳቤጥ።

"ለእናትሽ ንገሪያት፤ እዚህ ደባርቅ ነው። ካላማራት አስመራ ድረስ ሄዳ ትግዛ። መንገዱ ሲከፈት!"

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። ኤልሳቤጥ ፊቷን ሳትለውጥ ወደ እናቷ ዞረች። "እቀንስልሽ ነበር፤ ግን እናቴ ታማብኛለች ይላል።"

ለተኪዳን ከንፈሯን መጠጠች። የኔሰውን ቀና ብላ አየችው፤ አስተያየቷ የእህት ነበር። የኔሰው ግራ ገባው። ሲሰደብ የሚሳደብ ደንበኛ ያውቃል፤ ተሰድቦ የሚያዝንለት ግን አጋጥሞት አያውቅም። ሃምሳ ሳንቲም ቀነሰ። ለምን እንደቀነሰ ማታ ለሚስቱም ማስረዳት አልቻለም።

ያኔ ደባርቅ አስፋልት አልለበሰችም። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጡት የፈረንጅ መኪኖች ሲያልፉ አቧራው ከሱቅ ሱቅ እየገባ የሸቀጡን ሁሉ መልክ አንድ ያደርገው ነበር። ከተማው ትንሽ ስለሆነ ሰው ሁሉ የሰውን ሁሉ ነገር ያውቃል፤ የማያውቀውንም እንደሚያውቅ አድርጎ ያወራል። ለተኪዳንን ግን ማወቅ አልቻለም። ያላት አፍ የልጇ አፍ ብቻ ነበር።

ዋሴ ወጣት ሆኖ አስመራ ወርዶ ጋራዥ ሲሠራ ነው ያገባት። እሷ ከሰገነይቲ በታች ያለች ገጠር ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠችም። ጦርነቱ ሲመጣ ሚስቱንና የስምንት ዓመት ልጁን ይዞ ደባርቅ እናቱ ቤት ገባ። እሱ ወዲያው ወደ መተማ ወርዶ የሰሊጥ እርሻ ትራክተር ጠጋኝ ሆነ፤ የሚመጣው ለዘመን መለወጫና ለፋሲካ ነው። ሚስቱንና እናቱን አንድ ቤት ውስጥ፣ አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም ብሎ እያሰበ፣ ትቷቸው ሄደ። በመካከላቸው ኤልሳቤጥ ቀረች።

ለተኪዳን መጀመሪያ ሰሞን አማርኛ ሞክራ ነበር። ወፍጮ ቤት ተራዋን ለማስከበር አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች፤ በጉሮሮዋ የወጣውን ድምፅ የሰሙ ልጆች ሳምንቱን ሙሉ በየመንገዱ ሲደግሙት ሰነበቱ። ከዚያ ወዲህ ጥርሷን ነከሰች። ቋንቋው በጆሮዋ ጥቂት ጥቂት ይገባል፤ በአፏ ግን አይወጣም።

ስለዚህ ኤልሳቤጥ የማትገባበት ቦታ አልነበረም። ጤና ጣቢያ ሐኪሙ "ከባድ ዕቃ አትሸከሚ" ሲል፣ ልጅቱ "ልጅሽም ብትሆን ውኃ ከመቅዳት ትረፍ ይላል" ብላ ጨመረችበት። ትምህርት ቤት መምህሯ "ይቺ ልጅ በክፍል ውስጥ አፏ አይዘጋም" ሲሉ፣ እናቷ የሰማችው "በትምህርት ላይ ተሳትፎዋ ከፍተኛ ነው" የሚለውን ነው። የተረታችው ቤተ ክርስቲያን ላይ ብቻ ነው። ለተኪዳን ንስሐ ልትገባ ስትሄድ ኤልሳቤጥ ከመካከል ልትቆም ነበር፤ መምሬ ወልደ ሩፋኤል "የእናትን ኃጢአት ልጅ አይሰማም" ብለው መለሷት። ለተኪዳን በትግርኛ ተናዘዘች። መምሬ አንድም ቃል ሳይገባቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ "እግዚአብሔር ትግርኛ ያውቃል" ብለው ፈቷት። ስግደትም አዘዙ። ለየትኛው ኃጢአት እንደሆነ ግን እሷም እሳቸውም አያውቁም።

ከገበያ ሲመለሱ ወይዘሮ ወርቄ፣ የዋሴ እናት፣ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እናትና ልጅ ሲያወሩ አጠገባቸው ተቀምጠው ዓይናቸውን መጨፈን ይወዳሉ። "ያ የወፍ ጫጫታ እንቅልፍ ያመጣልኛል" ይላሉ።

ምሳ ቀረበ። ወይዘሮ ወርቄ አንድ ጊዜ ጎረሱና ማላመጡን አቆሙ።

"ለእናትሽ ንገሪያት፤ ይኼ ወጥ ነው ወይስ ለከብት የሚላስ አሞሌ?"

"ምን አለች?" አለች ለተኪዳን በትግርኛ።

"ጣፈጠኝ አለች።"

ለተኪዳን የአማቷን ፊት አየች። ፊታቸው የጣፈጠው ሰው ፊት አልነበረም። "ጥርሷ ስላለቀ ነው ምላሷ ሥራ የበዛበት በያት" አለች።

"ዕድሜ ይስጥዎ ትላለች" አለች ኤልሳቤጥ።

ወይዘሮ ወርቄ ልጅቱን ረጅም ሰዓት ተመለከቷት። "አሜን" አሉ በመጨረሻ። "ለሷም ይስጣት። ብዙ ይስጣት።"

ቤቱ ሦስት ዓመት የቆመው በዚህ ዓይነት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ አማትና ምራት ተስማምተው ይኖራሉ ብሎ ያደንቅ ነበር።

ምሳው ሳይነሣ ጎረቤታቸው ጤናዬ ብቅ አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። "እትዬ ወርቄ፣ አቶ ገሠሠ ይጠሩዎታል። ኤልሲም አብራ ትምጣ።"

አቶ ገሠሠ የእድሩ ዳኛ ናቸው። ሰው የሚጠሩት ሲሞት ወይም የእድር ድስት ሲጠፋ ነው። ኤልሳቤጥ ድስቱ ይሆናል ብላ ሄደች። ቤታቸው ስትገባ ግን መምሬ ወልደ ሩፋኤልም መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

"ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ" አሉ መምሬ። "አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ፤ አይደለም?"

ኤልሳቤጥ ይህን ጥያቄ ታውቀዋለች። ከኋላው ሁልጊዜ ሥራ ይከተላል።

አቶ ገሠሠ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ዋሴ ከመተማ ሰው ልኳል። የእናትሽ እናት አርፈዋል። ከገና በፊት ነው አሉ። በከሰላ በኩል የመጣ ዘመድ ነው ለአባትሽ ያረዳው።"

ድንበሩ ከተዘጋ ወዲህ ከሰገነይቲ ደባርቅ የሚመጣ ነገር ሁሉ በሱዳን ዞሮ ነው የሚመጣው። ሞትም ያንኑ መንገድ ተከትሏል።

"እሱ ራሱስ አይመጣም?" አለች ጤናዬ።

"ትራክተር ተሰብሮበታል።"

"የኔ ልጅ መርዶ ሲኖር ይሰበርበታል" አሉ ወይዘሮ ወርቄ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ። "አባቱ የሞተ ጊዜም አስመራ ሆኖ መኪና ተሰብሮበት ነበር።"

አቶ ገሠሠ እንዳልሰሙ አለፉት። "እንግዲህ ወሬው ገበያ ሳይገባ ነገ በጎሕ እንነግራታለን። ችግሩ ቋንቋው ነው። እኛ እንናገራለን፤ ይቺ ልጅ ትመልስላታለች።"

"ሕፃን?" ጤናዬ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። "ሕፃን ልጅ ለእናቷ መርዶ ትናገር? የት አገር ነው እንዲህ ያለ?"

"እና በአማርኛ እናርዳት? 'ምን አላችሁ?' ብላ ትጠይቀና ደግመን እንንገራት? ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚረዳው፤ ሁለት ጊዜ አይደለም።"

"ያርጋል አለ አይደል? ከቆላ ጨው የሚያመጣው። ትግርኛ ይናገራል።"

"ያርጋል የሚያውቀው የጨው ዋጋ ነው" አሉ አቶ ገሠሠ። "በዚያ ላይ ወርዷል፤ መቼ እንደሚወጣ እሱም አያውቅ።"

መምሬ ወደ ወይዘሮ ወርቄ ዞሩ። "እርስዎ ምን ይላሉ? ቤቱ የእርስዎ ነው።"

ወይዘሮ ወርቄ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ሲጠቀልሉ ቆዩ። ፈቱት። እንደገና ጠቀለሉት። "እኔ ምን አውቃለሁ" አሉ።

"እንግዲያው ተቆረጠ" አሉ አቶ ገሠሠ፤ ኤልሳቤጥንም ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። "አይዞሽ። የምትናገሪው አንቺ አይደለሽም፤ እኛ ነን። አንቺ እንደ ሬዲዮ ነሽ። ሬዲዮ ወሬ አምጥቶ አልቅሶ ያውቃል?"

ከዚያ ቤት የወጣው ሰው ሁሉ ለለተኪዳን እያዘነ ወጣ። አያቷ የሞቱባት አንዲት ልጅ በመካከላቸው ተቀምጣ እንደነበር ለማንም ትዝ አላለውም። "እግዜር ያጽናሽ" ያላት የለም። ለራሷም ትዝ ያላት መንገድ ላይ ነው፤ ከአቶ ገሠሠ አጥር ጥግ ስትደርስ።

አያቷን ዓባየይ ነበር የምትላቸው። ጀርባቸው ላይ አዝለው በለስ ወዳለበት ገደል ይወስዷት ነበር። በለሱን በቢላ ገፍፈው፣ እሾሁ እንዳይነካት በጣታቸው ጫፍ አፏ ውስጥ ያደርጉላታል፤ ፍሬውን ስትውጥ "ሆድሽ ውስጥ ይበቅላል" እያሉ ያስፈራሯታል። ትተዋቸው በመጡ ዕለት በር ላይ ቆመው እጃቸውን አላውለበለቡም። ጀርባቸውን ሰጥተው አንድ ጊዜ የታጠበ ጣሳ እንደገና ያጥቡ ነበር።

ኤልሳቤጥ አጥሩን ተደግፋ ለማልቀስ ከጀለች። ከዚያ አሰበች፤ ዓይኗ ቢቀላ እናቷ ታያለች። ብታይ ትጠይቃለች። ቧንቧ ጋ ሄዳ ፊቷን ታጥባ ገባች።

"ገሠሠ ምን ፈልጎ ነው?" አለች ለተኪዳን በትግርኛ።

"ለእድር ነገር ነው። ነገ ጠዋት ወደዚህ ይመጣሉ።"

"ማን ማን?"

"እሱ፣ መምሬ፣ ጤናዬ።"

"እኛ ቤት?"

"እኛ ቤት።"

ኤልሳቤጥ የጠበቀችው እናቷ እንድትጠረጥር ነበር። በሰገነይቲም ሽማግሌ በጠዋት ተሰብስቦ ሲመጣ የሚያመጣው ነገር የታወቀ ነው። ለተኪዳን ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ያየችው ሌላ ነገር ነው። በዚህ ከተማ እሷን ብሎ የመጣ እንግዳ ኖሮ አያውቅም። የሚመጣው ሁሉ ለአማቷ ነው፤ ወይ እሳት ለመጫር ነው። አሁን የእድሩ ዳኛና ቄሱ በአንድ ላይ ቤቷ ሊመጡ ነው።

"ቆጠሩን ማለት ነው" አለች። ተነሥታ የዱቄቱን ዕቃ ከፈተች። "ሕምባሻ እጋግርላቸዋለሁ። የደባርቅ ሰው ሕምባሻ አይቶ አያውቅም። ድፎ ነው የሚያውቁት፤ እንደ ድንጋይ የከበደ።"

"እማ፣ ተይው። ብዙ አይቆዩም።"

"እንግዳ ባዶ ቤት ይገባል? አንቺ እዚህ አድገሽ ባለጌ ልትሆኚ ነው እንዴ?"

ለተኪዳን ሊጡን እያሸች አወራች። እንዲህ ያወራችበትን ቀን ኤልሳቤጥ አታስታውስም። ሕምባሻ ላይ አበባ ማውጣት ያስተማረቻት የራሷ እናት እንደሆነች፣ አበባው ካላማራት ሊጡን ጨፍልቃ "እንደገና" ትላት እንደነበር፣ አንድ ቀን አምስት ጊዜ እንዳስደገመቻት ተናገረች። መስከረም ላይ የሰገነይቲ ሜዳ ምን እንደሚሸት ተናገረች። "መንገዱ ሲከፈት" አለች፤ "መጀመሪያ አንቺን ነው የምታገላብጥሽ። 'ከስታ መጣች' ብላ እኔን ትሰድበኛለች። ታያታለሽ።"

ኤልሳቤጥ "አዎ" አለች።

"ምነው፣ እራትሽን አትበይም?"

"ሆዴን አሞኛል።"

ወይዘሮ ወርቄ ጥግ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። እንቅልፍ ግን አልወሰዳቸውም፤ መቁጠሪያቸው ከጣት ጣት ይሄድ ነበር።

ሲነጋጋ መጡ። ከተራራው የሚወርደው ብርድ ከኋላቸው ተከትሎ ገባ። አቶ ገሠሠ ጋቢያቸውን እንደ ማንኛውም ቀን ለብሰዋል፤ ጤናዬም ነጠላዋን አልዘቀዘቀችም። ለሐዘን የመጣ ሰው እንዳይመስሉ መንገድ ላይ ተመካክረውበታል። እንዲያውም አቶ ገሠሠ ፈገግ ብለው እንዲገቡ ተስማምተው ነበር። ፈገግታው ግን አልሆነላቸውም፤ ጥርሱን ያመመው ሰው መሰሉ።

ለተኪዳን በር ላይ ተቀበለቻቸው። የመስከረም ቀሚሷን ለብሳለች። በመደቡ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፏል፤ በጨርቁ ላይ እንደ ፀሐይ የተቆራረጠ ትልቅ ሕምባሻ አለ፤ አጠገቡም የሻይ ብርጭቆዎች እንፋሎት ያወጣሉ።

ሦስቱም ቆመው ቀሩ።

መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ከቤቱ ሳያረዳ አይቀምስም። ይህን በዚያ ከተማ የማያውቅ የለም። በልቶ ማርዳት በሞተ ሰው ላይ እንደ መደገስ ነው። አለመብላት ደግሞ፣ እንዲህ ተዘጋጅታ ለቆመች ሴት፣ መልሱ ምንድን ነው? ማንም አላሰበበትም።

"ንገሪያት" አሉ አቶ ገሠሠ። "ጠግበናል።"

"በጎሕ?" አለች ጤናዬ በሹክሹክታ።

"ጾም ነን በያት።"

"ጾሙ አልገባም" አሉ መምሬ።

"ምን ይላሉ?" አለች ለተኪዳን።

"በጣም ያምራል ይላሉ" አለች ኤልሳቤጥ።

ለተኪዳን ፊቷ በራ። ተቀመጡ። መምሬ መስቀላቸውን ከጉያቸው አወጡ፤ ነገሩን ከሩቅ ለመጀመር ወስነዋል። እንዲህ ያለ ነገር የሚጀመረው ከኢዮብ ነው።

"ኢዮብ ጻድቅ" አሉ፤ "ሀብቱን አጣ። ከብቱን አጣ። ልጆቹን በአንድ ቀን አጣ። ነገር ግን 'እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ' አለ እንጂ አላማረረም።"

"ኢዮብ ምን አደረገ?" አለች ለተኪዳን። ስሙን አውቃዋለች።

ኤልሳቤጥ ወደ እናቷ ዞረች። "ኢዮብ እድር ነበረው ይላሉ።"

"ኢዮብ?"

"አዎ። ሲቸገር እድሩ ረዳው።"

ለተኪዳን በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች። መምሬ ራሷን ስትነቀንቅ አይተው፣ ነገሩ እየገባት ነው ብለው በረቱ። ወደ አልዓዛር ተሻገሩ። ማርታና ማርያም እንዴት እንዳለቀሱ፣ ጌታም እንዴት እንዳለቀሰ ተናገሩ። ኤልሳቤጥ አልዓዛርን የእድሩ ጸሐፊ አደረገችው። ከዚያ ወዲያ ግን ቃል አለቀባት።

ለተኪዳን ሕምባሻውን አንሥታ ለመምሬ ዘረጋች። መምሬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አጎነበሱ፤ አልወሰዱም። ለአቶ ገሠሠ ዘረጋች። አቶ ገሠሠ ጣሪያውን አዩ። ለጤናዬ ዘረጋች። ጤናዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠመጠመች።

ለተኪዳን ሕምባሻውን ቀስ ብላ ወደ ጨርቁ መለሰችው። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ለልጇ በትግርኛ ተናገረች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም።

"ምን አለች?" አሉ አቶ ገሠሠ።

ኤልሳቤጥ እናቷን አየች። የሚያለሰልስ ቃል ፈለገች። ሦስት ዓመት ሙሉ አጥታ አታውቅም፤ ያን ጠዋት አጣች።

"ትጸየፉኛላችሁ ወይ ትላለች።"

አቶ ገሠሠ እንደ ተመታ ሰው ቀና አሉ። "ኧረ ማርያምን! ኧረ በፍጹም በያት!" እጃቸው ሳያስቡት ወደ ሕምባሻው ሄደና አንድ ቁራሽ አነሣ። ጤናዬ እጃቸውን ያዘቻቸው። "ጋሼ ገሠሠ! ምን ነካዎት!" ቁራሹ በሁለቱ እጅ መካከል ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ እድር ታሪክ አልታየም፤ ዳኛው በመርዶ ቤት ዳቦ ይዘው፣ ጎረቤት ዳቦውን ልትቀማቸው።

ለተኪዳን የሁለቱን እጅ አየች። የመምሬን መስቀል አየች። ከዚያ ልጇን አየች፤ ልጇ ከንፈሯን ነክሳለች።

"ኤልሳ" አለች። "ምንድን ነው?"

"ንገሪያት በቃ" አሉ አቶ ገሠሠ። "ንገሪያት ልጄ፣ አትፍሪ። እኛ አለን።"

ኤልሳቤጥ አፏን ከፈተች። በሁለቱም ቋንቋ ምንም አልወጣም።

ወይዘሮ ወርቄ ከጥጉ ተነሡ። መቁጠሪያቸውን አንገታቸው ላይ አጠለቁ። መደቡን እየተደገፉ መጥተው ልጅቱን በክንዳቸው ወደ ጎን አደረጓት፤ የምራታቸውን ሁለት እጅ ያዙ።

"ለተኪዳን ጓለይ" አሉ፤ "ኣዴኺ ዓሪፋ።"

ልጄ፣ እናትሽ አርፋለች ማለት ነው። ትግርኛው የሰገነይቲ አልነበረም። የተከዜ ዳር ትግርኛ ነው፤ የቆላ፤ እንደ ዛገ ማጠፊያ ከብዶ የተከፈተ። ያም ሆኖ አንድም ቃል አልተሳሳተም።

በኋላ እንደታወቀው፣ ወይዘሮ ወርቄ "ከድብ ባሕር ነው የመጣሁት" ሲሉ የኖሩት ውሸት አልነበረም፤ መንገዳቸው የጀመረው ግን ከዚያ አይደለም። ገና ሕፃን ሙሽራ ሆነው ከተከዜ ዳር በበቅሎ የመጡ ናቸው። በድብ ባሕር ምንጭ ላይ ሴቶቹ አነጋገራቸውን እያስመሰሉ ሲስቁባቸው፣ አንድ ቀን ባዶ እንስራ ይዘው ተመለሱ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ቋንቋ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ልጃቸው ዋሴ እንኳ ትግርኛን የተማረው አስመራ ነው፤ ከእናቱ ጉያ ሊማረው ይችል እንደነበር ሳያውቅ።

ለተኪዳን ጮኸች። ጩኸቷ አጥሩን አልፎ ሄደ። መንገድ ላይ የነበሩት በቅሎዎች ሲደነብሩ ተሰማ። ጤናዬ ወገቧን ያዘቻት፤ አቶ ገሠሠ ቁራሹን የት እንደሚያደርጉት ጨንቋቸው ኪሳቸው ከተቱትና ጋቢያቸውን ዘቀዘቁ፤ መምሬ ቆሙ።

ሁለተኛውን ጩኸት ልታወጣ ትንፋሽ ስትስብ ግን ለተኪዳን አቆመች። እጇ አሁንም በአማቷ እጅ ውስጥ ነው። ቀና ብላ አየቻቸው። በእንባዋ መካከል አንድ ነገር ወደ ኋላ እየሄደ ሲቆጠር በፊቷ ላይ ይታይ ነበር፤ የትናንቱ ምሳ፣ ያለፈው ዐውደ ዓመት፣ በክረምት የተወረወረ ቃል፣ ጥርሱ፣ ምላሱ፣ ሁሉም።

"ትሰሚኝ ነበር?" አለች በትግርኛ።

"ሁሉን" አሉ ወይዘሮ ወርቄ፣ በትግርኛ።

ከዚያ ኤልሳቤጥን አዩዋት፤ ለተኪዳንም አየቻት። ልጅቱ "ዕድሜ ይስጥዎ" ያለችበትን ቀን ሁሉ በአንድ ጊዜ አስታወሰች። ፊቷ ጋለ። የትኛዋም ሳትፈርድባት ሁለቱ ሴቶች እንደገና ተያዩ። ወይዘሮ ወርቄ ምራታቸውን ወደ ደረታቸው ሳቧት፤ በዚያ በዛገ ቋንቋ፣ ለማያውቋት ሴት፣ ቃል እየፈለጉ ማልቀስ ጀመሩ። ቃሉ ሲጠፋቸው ለተኪዳን ታቀብላቸዋለች። እሳቸው ይቀበሏታል።

ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ በሩን ሞላው። የሚሰማው ለቅሶ እንግዳ ነበር፤ ድምፁ የወርቄ ነው፤ ቃሉ የወርቄ አይደለም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። መምሬ ወልደ ሩፋኤል ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ፤ አይገባቸውም።

ጤናዬ ዞር አለች። "ኤልሲ" አለች፤ "ምን እየተባባሉ ነው?"

ሰዉ ሁሉ ጆሮውን ወደ ልጅቱ አቀና። አቶ ገሠሠም፣ ከበር የቆሙትም። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት መልሱን ጠበቁ።

ኤልሳቤጥ እያንዳንዱን ቃል ሰምታለች።

"አላውቅም" አለች። በሁለቱ ሴቶች መካከል ገብታ ተቀመጠችና ዓባየይ እያለች አለቀሰች።